ጆሮውን ይዞ ነበር

እወድሻለሁ አለኝ! በቃ መጀመሪያ ይሄን ልንገራችሁ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ግድግዳ በሚያክል ሸራ ላይ፣ ፊቱ የእኛን ቤት አክሎ፣ ከንፈሩ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ፣ «እወድሻለሁ። አትሂድ በይኝና አልሄድም» አለኝ። እኔን! ሌላ ማንንም አይደለም። ደግሞ ግራ ጆሮውን ይዞ ነበር። ጆሮውን! ምን ማለት እንደሆነ ገና ስላልነገርኳችሁ ነው እንጂ አሁን ከተቀመጣችሁበት ብድግ ትሉ ነበር።

እኔ ምን ብዬ እንደመለስኩለት ታውቃላችሁ?

«ሂድ፤ ማን ያዘህ?»

እናቴ ትሙት እንዲህ ነው ያልኩት። እሱም ሄደ።

እሺ፣ እሺ። ከመጀመሪያው ልጀምር። አፌ ቀድሞኝ ነው።

የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። እናቴ «ሬዲዮ» ነው የምትለኝ፤ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ ዘግቼው አላውቅማ። «አንቺ ሬዲዮ፣ ባትሪሽ አያልቅም እንዴ?» ትለኛለች መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ። ሱቃችን አንድ ፎቅ ስር ናት፣ ከሱቋ ጀርባ ያለችው ክፍል ደግሞ ቤታችን። ከእኛ በላይ የጥርስ ክሊኒክ አለ። ከክሊኒኩ በላይ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሯ ይኖራሉ፤ ፎቁም የሳቸው ነው። የክሊኒኩን ነጭ ጋዋኖች የምትሰፋው እናቴ ናት። ዶክተሯ ታዲያ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ጥርሴን እንጂ እኔን አያዩኝም። ሳቅ ብዬ ሰላም ስላቸው «ያቺ የታች ጥርስሽ እኮ ጠማለች» ብለውኝ ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ አፌን በእጄ ሸፍኜ ነው ሰላም የምላቸው።

እሱ ልጃቸው ነው። ረጅም ነው፣ በጣም። ጓደኛዬ «ምሰሶው» ብላ ስም አወጣችለት፤ ምሰሶ ደግሞ ስለማያወራ ስሙ ልክክ አለበት። ጓደኛዬ ራሷ «ሙጫ» ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እኔና እሷ ተጣብቀን ስለምንሄድ ሙጫዎቹ ይሉን ነበር፤ እያደር ግን ስሙ እሷ ላይ ብቻ ቀረ። ለምን እንደቀረ ከትናንት በፊት አስቤው አላውቅም።

አምና ትምህርት ሲዘጋ አንዲት ሴትዮ ቀሚስ ልታሳጥር ሱቃችን መጣች። ሦስታችን ደረጃው ላይ ተቀምጠን በአንድ ዳቦ እየተነታረክን ነበር፤ እሱ ሁለት ጊዜ ገመጠ፣ አልገመጠም በሚል። ሴትዮዋ ቀሚሷን ረስታ ቆማ አየችንና «እናንተ ልጆች፣ ፊልም እንስራ?» አለችን። እኔ ሳቅኩ። ሙጫ «ስንት ያስከፍላል?» አለች። ምሰሶው ዳቦውን ዋጠ። ለካ የፊልም ዳይሬክተር ነበረች! እንዲህ ሆኖ ነው በቃ ፊልም ሠሪ የሆንነው።

ፊልሙ ላይ ምንም አይፈጠርም፣ ልንገራችሁ። ማንም አይገደልም፣ መኪና አይገለበጥም። ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ጣሪያ ላይ ወጥተው የተሰጡ ልብሶች መሃል ይቀመጣሉ። ከዚያ ልጁ ይሄዳል። አለቀ። ትናንት ከኋላችን የተቀመጡ ሰውዬ እንደውም ሲያንኮራፉ ነበር።

ዳይሬክተሯ ታዲያ ጉደኛ ነበረች። የተጻፈ ነገር አትሰጠንም። ካሜራው ሊጀምር ሲል ወደ እያንዳንዳችን ትመጣና ቀኝ ጆሯችን ውስጥ ሹክ ትለናለች። ለእኔ ያለችውን እሱ አያውቅም፣ ለእሱ ያለችውን እኔ አላውቅም። «መጀመሪያ እዚያው ስትሰሙት ነው ፊታችሁ የሚያምረው» ትላለች። ከዚያ ደግሞ ካልጣማት «እንደገና!» ብላ ትጮሃለች። ኧረ ስንት ጊዜ! «እንደገና!» ስትል እኛ ደግሞ «ወይኔ!» ነው የምንለው። ሙጫ እንቅልፏ ላይ ሁሉ «እንደገና» እያለች ትቃዥ ነበር ብላኛለች እናቷ።

አንድ ቀን ካሜራው እየሠራ ምሰሶው ወደኔ ዞረና «ሳቅሽ ያስጠላኛል» አለኝ። እኔ ደነዝ የዳይሬክተሯ ቃል መሆኑን ረሳሁት! ጥርሴ ትዝ አለኝ፣ እናቱ ትዝ አሉኝ፣ ድንገት እውነተኛ ለቅሶ አለቀስኩ። ዳይሬክተሯ በደስታ ልትሞት። እሱ ግን በኋላ ደረጃው ስር ተደብቄ ሲያገኘኝ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«የሷ ነው እኮ! በጆሮዬ የነገረችኝ ነው።»

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

አሰበ፣ አሰበና ግራ ጆሮውን በሁለት ጣቱ ያዘ። «ከዛሬ ጀምሮ ጆሮዬን ከያዝኩ ማንም ሹክ ያለኝ አይደለም። የራሴ ነው።»

«እሺ፣ አሁን ያዝና ስለ ሳቄ ተናገር።»

ያዘ። ቀላ። «እ… ደህና ነው» አለ።

ደህና ነው! በዓለም ላይ እንደዚህ ያለ ደረቅ ልጅ አለ? ግን ያን ቀን ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ስስቅ እናቴ «ምን ነካሽ?» ብላ ግንባሬን ዳበሰችኝ፣ ያተኮሰኝ መስሏት።

ምልክቷን የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነበርን። እየተቀረጽን ጠብ ላይ ሆነን ድንገት ጆሮውን ይዞ «ሹራብሽ ያምራል» ይለኛል። እኔ ጆሮዬን ይዤ «ጫማህ ተፈቷል» እለዋለሁ። ሙጫ ጆሮዋን ይዛ «ሁለታችሁም አስጠላችሁኝ» ስትል እንስቃለን። እኔ ግን አንዷን ቃል ነበር የምጠብቀው። ዛሬ ጆሮውን ይዞ ይላታል፣ ዛሬ ይላታል እያልኩ። አይልም። እናቱ ውጭ አገር አባቱ ጋ ሊልኩት እንደሆነ እንኳን የሰማሁት ከሱ አይደለም፤ ከእናቴ ነው፣ ሻንጣው ውስጥ የሚገባ ሱሪ ስታሳጥር። ሱሪውን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። እናቴ አየችኝና መብራቱን ወደ ራሷ አዞረችው፣ ፊቴ ጨለማ ውስጥ እንዲሆንልኝ።

የመጨረሻውን የቀረጽነው ሊሄድ ሲል ነው፣ ጣሪያው ላይ። የክሊኒኩ ጋዋኖች ገመዱ ላይ ተሰጥተው ንፋሱ እጅጌያቸውን ያወዛውዛል። ሙጫ በዚያ ትዕይንት ስለማትታይ የፀሐይ ብርሃን ወደ ፊታችን የሚመልሰውን ነጭ ሰሌዳ ይዛ ከካሜራው ጎን ቆመች። እኔ ዳይሬክተሯ ያደረገችልኝ ትልልቅ የቀለበት ጉትቻ ነበረኝ፤ ያሳክካል፣ ደግሞ ንፋሱ ፀጉሬን እያመጣ ይጠመጥምበታል።

ዳይሬክተሯ ወደ ጆሮዬ መጣች። «ቀና እንዳትይ። ምንም ይበልሽ ምን እግርሽን እያየሽ ‹ሂድ፤ ማን ያዘህ?› በይው። ‹ከት› ብዬ ካሜራውን እስካስቆም ድረስ ዓይኑን እንዳታዪ።»

እኔ ደግሞ ሬዲዮ ልሁን እንጂ ታዛዥ ነኝ። እግሬን አየሁ። የጫማዬ አፍንጫ ላይ የኖራ ጠብታ ነበረች፣ እስከ ዛሬ ትታየኛለች።

ከዚያ ድምፁን ሰማሁ። «እወድሻለሁ። አትሂድ በይኝና አልሄድም። ለእናቴ ራሴ እነግራታለሁ።»

ልቤ ዘለለ። ከዚያ ደግሞ ተቀመጠ። ዳይሬክተሯ እንዴት ያለ ቆንጆ ቃል ሰጠችው ብዬ ነው ያሰብኩት! በልቤ ቀናሁባት ሁሉ። የራሱ ቢሆን ኖሮ እያልኩ። ፀጉሬ ጉትቻው ላይ ተጠምጥሞ ጆሮዬን ሊገነጥለው ደርሷል፤ በእጄ ያዝኩትና እግሬን እያየሁ «ሂድ፤ ማን ያዘህ?» አልኩ።

 ጋዋኖቹ ብቻ ጠብ ጠብ ይላሉ።

«ከት!» አለች ዳይሬክተሯ። «እንደገና» አላለችም። ያን ሁሉ ቀን «እንደገና» ስትል ከርማ ያን ቀን ብቻ፣ ያን አንዱን ብቻ፣ «እንደገና» አላለችም። ቀና ስል እሱ ደረጃውን እየወረደ ጀርባውን አየሁት። በማግስቱ የለም። ደህና ሁኚ እንኳን አላለኝም፣ የድሮ ስልኩም አይሠራም። ሙጫ ጭን ላይ ተደፍቼ «ለካ ምንም አይደለሁም ለሱ» እያልኩ ስንት ቀን አለቀስኩ መሰላችሁ። እሷም ፀጉሬን እየደባበሰች «እኔ አለሁልሽ» ትለኝ ነበር።

እሺ፣ ትናንት።

ፊልሙ አልቆ ለሰው ሊታይ ነው ተባለ። እናቴ አዲስ ቀሚስ ሰፋችልኝ። ከሙጫ ጋ እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን። መብራቱ ሳይጠፋ ፊት ረድፍ ላይ አንድ ራስ ከሌላው ሰው በላይ ወጥቶ አየሁ። ጀርባውን ብቻ! አንድ ዓመት ሙሉ ያላየሁት ማጅራት፣ በእንቅልፌም ብታሳዩኝ አልስተውም። ለእረፍት መጥቷል ማለት ነው። እናቱ ጎኑ አሉ።

«ሙጫዬ፣ እሱ ነው!»

«እንውጣ» አለችኝ።

«ምን?»

«አሞኛል። እንውጣ።»

«ውሃ ጠጪ» አልኳት። ጨካኝ ነኝ፣ አውቃለሁ። ግን ማን ይወጣል?

ጣሪያው ላይ ስንደርስ የሙጫ እጅ በላብ ራሰ። ሸራው ላይ የኔ ጀርባ፣ ጋዋኖቹ፣ ፊት ለፊቴ እሱ። እኔ ያን ቀን ያላየሁትን፣ እግሬን እያየሁ ያመለጠኝን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። እጁ ቀስ ብሎ ተነሳ። ግራ ጆሮውን በሁለት ጣቱ ያዘ። አጥብቆ፣ ጫፉ እስኪነጣ። ከዚያ «እወድሻለሁ» አለ።

ፊት ያሉ ሴትዮ «ውይ፣ ልጁ ሲያፍር እንዴት እንደሚያምር» አሉ። ሲያፍር! እሳቸው ምን ያውቃሉ? አዳራሹ ሙሉ አንድ ልጅ ጆሮውን ሲያክክ አየ። እኔ ብቻ ነኝ ነፍሱን አውጥቶ ሲሰጠኝና «ሂድ» ስለው ያየሁት። መጮህ ፈለግኩ። አንቺ ደነዝ፣ ቀና በይ! ቀና በይ እንጂ! ሸራ ላይ ያለችው ልጅ ቀና አትልም። ሺ ጊዜ ብታዩት ቀና አትልም።

መብራት ሲበራ አንዱ ተመልካች ዳይሬክተሯን ያችን ንግግር ማን እንደጻፋት ጠየቃት። «ማንም» አለች። «እኔ በጆሮው የነገርኩት ‹ምንም አትበል፣ ዝም ብለህ እያት› ነበር። የቀረውን ከየት እንዳመጣው እሱ ያውቃል።» ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የፊተኛው ረጅም ራስ አልተንቀሳቀሰም።

እየተጋፋሁ ወጣሁ። መውጫው ጋ ደረስኩበት። እናቱ ክንዱን ይዘውታል።

«ሰላም ነሽ?» አለኝ። ድምፁ ወፍሯል።

«ሰላም» አልኩ። ይሄው፣ ሬዲዮዋ። ባትሪዋ ያን ጊዜ አለቀ።

«አንቺ የልብስ ሰፊዋ ልጅ!» አሉ ዶክተሯ። «ጎበዝ ነሽ እኮ! ግን ሸራው ላይ ያቺ ጥርስሽ ጎልታ ታየችኝ። ብቅ በይ እስቲ፣ እኔም ክሊኒኩን ዘግቼ ልጄ ጋ ውጭ አገር ጠቅልዬ ሳልሄድ።»

«እሺ እትዬ ዶክተር» አልኩ አፌን ሸፍኜ። ከዚያ እጄን ከአፌ ላይ አነሳሁ። ግራ ጆሮዬን ያዝኩ። እሱን፣ እሱን ብቻ እያየሁ፣ «አትሂድ» አልኩ።

«ምነው፣ ጆሮሽን አመመሽ?» አሉ እናቱ። «የድድ ነገር እኮ ጆሮ ድረስ ይሰማል።»

እሱ እጄን አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ዓይኑ ውሃ ሞላ መሰለኝ፣ ወይም የእኔ ነው።

«ያኔም ይዘሽው ነበር እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ምኑን?»

«ጆሮሽን። ‹ማን ያዘህ› ስትይኝ። ያኔም ይዘሽው ነበር።»

አልገባኝም መጀመሪያ። ከዚያ ገባኝ። ጉትቻው! ፀጉሬ! የራሷ ቃል ነው ብሎ ነው የሄደው! ሸራው ላይም እጄ ታይቶ ነበር እኮ፣ እኔ የሱን ሳይ የራሴን የት ልይ! ገና አፌን ስከፍት እናቱ ቀደሙኝ።

«ና እንጂ የኔ ልጅ፣ መኪናው መንገድ ዘግቷል» ብለው ጎተቱት። «ቆንጆ ፊልም ነው» አለኝ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ለማያውቀው ሰው እንደሚባለው። የመስታወቱ በር ተዘጋ።

«ጉትቻው ነው!» ብዬ ጮህኩ ያኔ። አሁን ምን ዋጋ አለው? «ጉትቻው ነው! ጉትቻው!»

ቲኬት ቆራጩ ደንግጦ መጣ። «ጉትቻ ጠፋብሽ? አይዞሽ እህቴ፣ እዚሁ ነው፣ እንፈልግልሻለን።» ጎንበስ አለ። ሌሎቹም ጎንበስ አሉ። አንድ ሽማግሌ የስልካቸውን መብራት አብርተው ወንበር ስር ያያሉ። «ወርቅ ነው?» ይላል አንዱ። የማላውቃቸው ደግ ሰዎች ሁሉ ወለሉን እየዳሰሱ የኔን የጠፋ ነገር ይፈልጉልኛል። እኔ መሃላቸው ቆሜ እንባዬ ይወርዳል።

ሙጫ ብቻ አልጎነበሰችም። ቆማ ታየኛለች። ምን ጠፋብሽ ብላ አልጠየቀችኝም። ምን እንደጠፋብኝ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

«አይተሽ ነበር» አልኳት።

«ሰሌዳውን ይዤ ነበር። ሁለታችሁንም አየሁ። እሱ ሲይዝ አየሁ፣ አንቺ ፀጉርሽን ስታላቅቂም አየሁ።»

«ዓመት ሙሉ? ጭንሽ ላይ ሳለቅስ?»

«ጭኔ ላይ ነበርሻ!» ብላ ጮኸች፤ የሚፈልጉት ሰዎች ቀና አሉ። «እሱ ሲሄድ ተመለስሽልኝ። ከሱ ጋ ሆነሽ እኔ ጋ የምትመጪው ስለሱ ልታወሪኝ ብቻ ነበር። ሙጫ የሚለው ስም ለምን እኔ ላይ ብቻ እንደቀረ አስበሽ ታውቂያለሽ? አንቺ ስለተላቀቅሽ ነው!»

በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ብቻዬን ሄድኩ፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያን መንገድ ብቻዬን ሄጄበት አላውቅም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አየሁት። ሻንጣውን ከላይ አውርዶ መኪናው ውስጥ ከተተ። ወደ ሱቃችን ዞረ። እጁን ወደ ላይ አነሳ። ጆሮውን ሊይዝ ነው፣ ሊይዝ ነው አልኩ። የመኪናውን የኋላ ክዳን ሊዘጋ ነበር። ዘጋው፣ ገባ፣ ሄደ። በሩን ከፍቼ መሮጥ ስችል መጋረጃውን ጨብጬ ቆሜ ቀረሁ። «እንደገና!» የሚልልኝ ሰው የለም። የዳይሬክተሯን ጩኸት እንዲያ ጠልቼው አሁን አንዴ፣ አንዴ ብቻ ብትጮህልኝ ብዬ ተንሰፈሰፍኩ።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። የስፌት መኪናዋን መርገጥ አቆመች። «ስፌት ከተሳሳተ ተተርትሮ ይሰፋል» አለችኝ። «ጨርቅ ከተቆረጠ ግን ከባድ ነው። የቱ እንደሆነ አንቺ ነሽ የምታውቂው።» እኔ አላውቀውም እማዬ!

አሁን ይሄን ስጽፍላችሁ በሩ እየተንኳኳ ነው። ሙጫ ናት። ስታንኳኳ አውቃታለሁ። እያለቀሰች ከበሩ ውጭ ትናገራለች። «ስልክ ቁጥሩን ከዳይሬክተሯ ለምኜ አመጣሁት። አውሮፕላኑ ውስጥ ሳይገባ እንደውልለት። እኔ ራሴ ልንገረው፣ ጥፋቱ የኔ ነው ልበለው። ከዚያ በኋላ ብትጠይኝም እሺ።»

በስልክ ደግሞ ጆሮ አይታይ! ምን ብዬ ነው የሚያምነኝ? ባላምነውስ? እናቱ ጎኑ ሆነው ቢያነሱትስ? ደግሞ ብከፍትላት ለሱ ብዬ ነው የምከፍተው እንጂ ለሷ ብዬ አይደለም፤ እሷም ይሄን ታውቃለች፣ እያወቀች ነው የመጣችው። ይሄ ነው የገደለኝ። ባልከፍት ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ቀን አጣሁ ማለት ነው።

ማንኳኳቷን አቆመች። አልሄደችም ግን፣ ጥላዋ በበሩ ስር ይታየኛል፤ ግንባሯን በሩ ላይ ደግፋ ነው መሰለኝ። እኔ ከዚህ በኩል ግራ ጆሮዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ማንም ሳያየኝ።

እናንተ ብትሆኑ ትከፍቱላት ነበር?